«ዜግነት እናስቀይራለን»፦ የስታዲየም ዙሪያው አገልግሎት ሲመዘን

አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ካፌዎች በአንዱ፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ የሚጀመር አገልግሎት አለ። ታፔላ የለውም፤ የንግድ ፈቃድም ግድግዳ ላይ አልተሰቀለለትም። ያለው አንድ ክላሰር፣ ሁለት ስልክ፣ ጉርድ ፎቶ የታጨቀበት ፖስታና «አይዞሽ የኔ እህት፣ አንቺ ልምምድሽን ሥሪ፣ ወረቀቱን ለኔ ተይው» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። የሚሸጠው የሌላ አገር ማልያ ነው። ገዢዎቹ ሃያዎቹን ገና የጀመሩ የመካከለኛና የረጅም ርቀት ሯጮች ናቸው።

ስለነዚህ ልጆች ከተማው ውስጥ የሚወራው በሁለት ቃል ያልቃል፤ ወይ «ካደች» ወይ «እንጀራዋን ነው»። ሁለቱም ክላሰሩን ከፍቶ ያላየ ሰው ንግግር ነው። እስቲ እንደ ማንኛውም አገልግሎት ይመዘን፤ ምን ይሰጣል፣ ምን ይወስዳል፣ የት ላይ ይበላሻል። («ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የስፖርቱ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጆቹ በእኛ። ይህችው ልዩነት ራሷ ጉዳይ እንደምታበላሽ ወደ ኋላ ትመጣለች።)

መጀመሪያ፣ ለማን ነው? በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከ3 አትሌት በላይ አያሰልፍም። በዓለም ሻምፒዮና ያለፈው አሸናፊ ከኮታ ውጭ ስለሚገባ አንዳንዴ 4 ይሆናሉ። እዚህ አገር በ10 ሺህ ሜትር ስድስተኛ የምትወጣ ልጅ ተጠባባቂ እንኳ ላትሆን ትችላለች፤ ያችው ልጅ በሌላ አገር ማልያ ብትሮጥ ያለ ተቀናቃኝ ትመረጣለች። ሻጩ እስከዚህ ድረስ አይዋሽም።

የሚሸሽገው ቀጥሎ ያለውን ነው። ኮታው የሚይዘው ሻምፒዮናን ብቻ ነው። በርሊን፣ ለንደን፣ ዱባይ ወይም ቫሌንሲያ ማራቶን የሚሮጥ ሰው በአገር ቁጥር አይታገድም። አዘጋጁ የሚያየው ሰዓት ነው፤ ከዚያ ማናጀር፣ የፌዴሬሽን ፈቃድና ቪዛ። ስለዚህ ገቢዋ ከጎዳና ውድድር ለሆነ ሯጭ አዲሱ ዜግነት የሚጨምርላት በዋናነት ኤምባሲ ደጅ የማያስጠና ፓስፖርት ነው። ቀላል ነገር አይደለም፤ ቪዛ ዘግይቶ ስንት ወር የተለፋበት ውድድር የሚያመልጥበት ሙያ ነው። ግን ለቪዛ ሲባል የሚከፈለውን ዋጋ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሽልማቱም ቢሆን ይሰላ። የዓለም ሻምፒዮና ለአንደኛ 70 ሺህ፣ ለሁለተኛ 35 ሺህ፣ ለሦስተኛ 22 ሺህ ዶላር ይከፍላል፤ ስምንተኛዋ የምታገኘው 5 ሺህ ነው። ከሜዳሊያ ውጭ ለምትሆን ሯጭ የሚያዋጣው ሽልማቱ ሳይሆን ተቀባዩ አገር የሚሰጠው ወርሃዊ ደመወዝ፣ ቤትና ሕክምና ነው። ክላሰሩ ውስጥ ይህ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በአፍ ብቻ አለ።

አሁን ዋናው፣ ጊዜው። ድሮ ቀላል ነበር። አበባ አረጋዊ በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ በኢትዮጵያ ማልያ 1500 ሜትር ፍጻሜ ሮጠች፤ በዓመቱ ሞስኮ ላይ ለስዊድን የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ያ በር ተዘግቷል። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ አካል በ2017 መጀመሪያ ዝውውሩን በሙሉ አገደ፤ በ2018 አጋማሽ በአዲስ ደንብ ከፈተው። አዲሱ ደንብ አራት ነገር ይጠይቃል። ለአንድ አገር ተሰልፎ የሚያውቅ አትሌት ቢያንስ 3 ዓመት ይጠብቃል፤ ከ20 ዓመት በታች ዝውውር የለም፤ መዛወር የሚቻለው አንድ ጊዜ ነው፤ ተቀባዩ አገር ሙሉ ዜግነት ከነመብቱ እንደሰጠ ማስረጃ ያቀርባል። ፋይሉን የሚያየው ለዚሁ የተቋቋመ መርማሪ ቡድን ነው፤ የጉዳይ አስፈጻሚው ወዳጅ አይደለም።

«3 ዓመት ምን አላት፣ ልጅ ነሽ» ይላል ሻጩ። በጣት ይቆጠር። በመስከረም 2025 ቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ላይ አረንጓዴውን ማልያ ለብሳ የሮጠች አትሌት 3 ዓመቷ የሚሞላው በመስከረም 2028 ነው። የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አትሌቲክስ በሐምሌ 2028 አልቆ ይጠብቃታል። በ2027 የቤይጂንጉን የዓለም ሻምፒዮናም በቴሌቪዥን ታየዋለች። የኦሊምፒክ ቻርተር ይህንን ጊዜ ማሳጠር ይፈቅዳል፤ ግን የሁለቱ አገሮች ኦሊምፒክ ኮሚቴዎችና የስፖርቱ ፌዴሬሽን መስማማት አለባቸው። ማለትም የምትሄድበት አገር ብቻ ሳይሆን የምትተወውም አገር ይፈርማል። «በስድስት ወር ትሰለፊያለሽ» የሚል ሰው ይህን ፊርማ በእጁ ካልያዘ ወሬ እየሸጠ ነው። በመጠበቂያው ጊዜ የጎዳና ውድድር አይከለከልም፤ ክለብ ግን ከለቀቀች ደመወዝ የላትም። የተረከዝ ጅማት (አኪለስ) ወይም ጉልበት በዚያ መሀል ቢመታ የሚያሳክማት ማን እንደሆነ ውሉ ላይ በቁጥር መጻፍ አለበት።

ማልያውን ለብሳ የማታውቅ ልጅ መንገዷ ሌላ ነው፣ ይቀላልም። ለዚህ ነው አንዳንድ አሰልጣኝ «ለወጣቶች ሻምፒዮና ከመሄድሽ በፊት አስቢበት» የሚለው። ለብዙዎቻችን ይህ ምክር ጆሮ ይጎረብጣል። በደንቡ ግን ትክክል ነው፤ በ18 ዓመት የተለበሰ ማልያም ሊቆጠር ይችላል።

ወደ እኛው ሕግ። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 ግልጽ ነው፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ሁለት ዜግነት የለም። «ማንም አያይሽም፣ ሁለቱንም ያዢ» የሚለው ምክር ልጅቷን የሚጥላት ቦሌ ኤርፖርት መስኮት ላይ ነው። የተሻለው መንገድ ቢጫ ካርዱ ነው፤ በአዋጅ 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፣ ቤትና ሕንፃ ማፍራትም አይከለክልም። የሚከለክለው ምርጫና በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል ተቋማት መቀጠርን ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሯጭ ትርፍ ወሬ አይደለም፤ ብዙዎቹ አትሌቶች በመከላከያና በፖሊስ ክለብ ማዕረግና ደመወዝ ያላቸው ናቸው። ያንን ትተው ነው የሚሄዱት።

እና የሚያስፈራው ጥግ ይህ ነው፦ ፓስፖርትና ዜግነት አንድ አይደሉም። አንድ አገር ለውድድር ብሎ ጊዜ የተወሰነለት ፓስፖርት ሊሰጥ ይችላል። ፓስፖርቱ ሲያበቃ የእኛው ቀድሞ ሄዷል። መመለስ ይቻላል፣ አዋጁ በር አለው፤ ግን ኑሮዋን እዚህ ማድረግ፣ የያዘችውን የውጭ ዜግነት መተውና ማመልከት ይጠበቅባታል። «ሙሉ ዜግነት» የሚለው ቃል ውሉ ላይ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ማየት የዚህ ሁሉ ቁልፍ ነው። የዓረብኛ ወይም የቱርክኛ ውል ብቻ ቀርቦ ከሆነ፣ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ በአማርኛ ተገልብጦ እስኪነበብ ድረስ እስክሪብቶ አይነሳም።

ወረቀቱ ላይ እንቆይ፤ የአገልግሎቱ ጥራት የሚለየው እዚህ ነው። መንገዱ ይታወቃል። የልደት ምስክር ወረቀት ከወረዳ ወሳኝ ኩነት፣ ከዚያ ትርጉም ቤት፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ መጨረሻ ኤምባሲ። ከወንጀል ነጻ ማስረጃው ከፌዴራል ፖሊስ አሻራ ተሰጥቶ ይወጣል። ከስታዲየም ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጥቁር አንበሳ አጠገብ ያለው ኢሚግሬሽን፣ ከዚያ ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ፤ ሁሉም መሀል ከተማ ነው፣ በእግር የሚጨረስ ነው። ሯጭ ናትና ራሷ ብትዞረው ምንም አትሆንም። ጉዳይ አስፈጻሚው የሚያስከፍለው በአብዛኛው ለዚህ ዙር ነው።

የሚበላሸው ቀን ላይ ነው። ልጅቷ መጋቢት 12 ቀን 1994 ዓ.ም. ተወለደች እንበል። በፈረንጅ ማርች 21 ቀን 2002 ነው። ጸሐፊው ተቻኩሎ 12/07/1994 ብሎ ቢተይብና «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለውን ቢረሳ፣ ወረቀቱን የሚያነብ ፈረንጅ በራሱ አቆጣጠር ሐምሌ (ጁላይ) 1994 የተወለደች ሴት ያያል። በአንድ የትየባ ስህተት ስምንት ዓመት ገደማ አረጀች። ፓስፖርቱ 2002፣ የልደቱ ትርጉም 1994፣ የወጣቶች ውድድር መዝገቧ ደግሞ ሦስተኛ ቀን ከያዘ፣ መርማሪው ቡድን የሚያየው ስህተት አይደለም፣ ማጭበርበር ነው። የስም ፊደልም እንዲሁ። ፅጌ የምትባል ልጅ በአንዱ ወረቀት በአንድ ዓይነት፣ በሌላው በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ከተጻፈች ሁለት ሰው ትሆናለች። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ትርጉም ቤት ሲገባ ፓስፖርቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፊደል በፊደል ማስገልበጥ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ማስጻፍ፣ ማኅተም ከመመታቱ በፊት ማንበብ። ከማኅተም በኋላ ማረም ከመጀመሪያው ወረፋ ያስጀምራል።

ሌላው ወጥመድ ውክልና ነው። ጉዳይ አስፈጻሚው «ሙሉ ውክልና ስጪኝ፣ አንቺ ካምፕ ቁጭ በይ» ሲል፣ ባንክና ቤት ጭምር እንደሚነካ ብዙዎች አያስተውሉም። ልዩ ውክልና ይበቃል፤ የትኛውን ሰነድ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት፣ እስከ መቼ ተብሎ ተዘርዝሮ። ጉዳዩ ሲያልቅ እዚያው ውልና ማስረጃ ተሂዶ ይሻራል። የማናጀሩ ድርሻ ደግሞ ለብቻው ነው፤ በሙያው የተለመደው ከገቢ 15 ከመቶ ነው። ጉዳይ አስፈጻሚው ከወደፊት ደመወዝ «የኔም ፐርሰንት አለ» ካለ ሁለት ጊዜ እየተቆረጠ ነው። የአበረታች መድኃኒት ምርመራም በአገር ለውጥ አይቀርም። ስሟ መርማሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ በቀን ለአንድ ሰዓት የት እንደምትገኝ አስቀድማ ታስመዘግባለች፤ በ12 ወር ሦስት ጊዜ ካመለጣት ምንም ባትወስድም ጥፋት ነው።

ከሽያጭ በኋላ የሚመጣውን ነገር ግን ማንም ክላሰሩ ውስጥ አያስገባውም። ሕዝቡ እንዴት ይቀበልሻል?

እዚያው ካፌ ውስጥ ቴሌቪዥኑን ማየት ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር፤ ሲፈን ሀሰን 29:55.32፣ ቃልኪዳን ገዛኸኝ 29:56.18፣ ለተሰንበት ግደይ 30:01.72። መድረክ ላይ የወጡት ሦስቱም እዚህ የተወለዱ ናቸው። ባንዲራዎቹ የሆላንድ፣ የባህሬንና የኢትዮጵያ ነበሩ። የሦስቱ አመጣጥ ግን አንድ አይደለም፣ ክርክሩ የሚያልፈውም ይህን ነው። ሲፈን በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ሆላንድ ገባች፤ ሯጭ ያደረጋት እዚያ ያለ ክለብና ትራክ ነው። ቃልኪዳን በ2010 ዶሃ ላይ በኢትዮጵያ ማልያ የ1500 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን የነበረች፣ ኋላ የተዛወረች ናት። የመጀመሪያዋን «ከዳች» ማለት የ15 ዓመት ልጅን በማታውቀው ማልያ መክሰስ ነው። ሁለተኛዋ ላይ ቢያንስ መጠየቅ ይቻላል፤ መጠየቅ ያለበት ግን «ለምን ሄደች» ከማለት በፊት «ከዶሃው ወርቅ በኋላ ማን ያዛት» ነው።

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. እሁድ፣ የፓሪስ ማራቶን። ሲፈን 2:22:55፣ ትዕግስት አሰፋ 2:22:58። በመጨረሻው ኩርባ ተገፋፉ፣ ኢትዮጵያ አቤት አለች፣ ዳኞቹ ውድቅ አደረጉት። ከዚያ በፊት በ5 ሺህና በ10 ሺህ ነሐስ ስትወስድ «ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ» የነበረችው ሴት በ3 ሰከንድ «ሆላንዳዊቷ» ሆነች። ይህ የስያሜ መለዋወጥ ሕግ አለው ማለት ይቻላል። ፈረንጅ ስታሸንፍ የእኛ ናት፣ የእኛን ስታሸንፍ የእነሱ ናት።

ኤልቫን አቤይለገሴን ያየ ይረዳዋል። በ2004 በርገን ላይ ለቱርክ 5 ሺህ ሜትርን በ14:24.68 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ስታስመዘግብ «ሔዋን» ነበር የሚሏት፣ ወላጆቿ ባወጡላት ስም። መሠረት ደፋር በ2006 በ14:24.53 ወሰደችው፣ በ15 መቶኛ ሰከንድ። ኋላ የኤልቫን የ2007 የአበረታች መድኃኒት ናሙና እንደገና ተመርምሮ የ2008 ቤይጂንግ ኦሊምፒክ ሁለት ብሯ ሲነጠቅ፣ በ5 ሺህ መሠረት ከነሐስ ወደ ብር ከፍ አለች። ያን ቀን ሔዋን ብሎ የጠራት አልነበረም።

ከማልያው ይልቅ የሚያምመው ስሙ ነው። ዘነበች ቶላ «ማርያም ዩሱፍ ጀማል» ተብላ ለባህሬን በ2007 እና በ2009 የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ የለንደን ኦሊምፒኩም ወርቅ ኋላ ደረሳት። አውሮፓ የሄዱት ስማቸውን ይዘው ስለሚሮጡ የካፌው ጠረጴዛ ፍርድ ይቀላቸዋል፤ ባህረ ሰላጤ የሄዱት ላይ ይከብዳል። ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ነው። በተግባርም ስም ሲቀየር የባንክ ደብተር፣ የቤት ካርታና ውርስ ሁሉ በሁለት ስም ይቀራል፤ አሮጌውና አዲሱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ሕጋዊ ማስረጃ ከመሄድ በፊት መያዝ ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ጆንያ የሚከት ደግሞ አለ። የማነ ክሪፓ ከደሴ በማደጎ የሄደ ሕፃን ነበር፤ በ2022 ለጣሊያን የአውሮፓ 10 ሺህ ሜትር ሻምፒዮን ሆነ። ማሩ ተፈሪ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር እስራኤል የገባ ነው፤ በ2023 ቡዳፔስት ማራቶን ብር ሲወስድ ልዑል ገብረሥላሴ ነሐስ ወሰደ። አማናል ጴጥሮስ ኤርትራ ተወልዶ ትግራይ ያደገ፣ ጀርመን ስደተኛ ሆኖ የገባ ነው፤ በ2025 ቶኪዮ ማራቶን ከታንዛኒያው አልፎንስ ሲምቡ ጋር እኩል 2:09:48 ገብቶ በፎቶ ብቻ ተለየ። ከእነዚህ አንዳቸውም ካፌ ቁጭ ብለው ክላሰር አልከፈቱም። ስለ ዝውውር ሲወራ ስማቸው ባይነሳ ይሻላል።

ሌላው፣ ዝውውር ማለት መሄድ አለመሆኑ ነው። የባህረ ሰላጤ ማልያ የሚለብሱት ብዙዎቹ ዛሬም ጠዋት 12 ሰዓት እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ናቸው። የሌላ አገር ቱታ ለብሳ የምትሮጥ ልጅ ከድሮ የክለብ ጓደኞቿ ጋር ያው ዳገት ላይ ትገናኛለች። ሰላምታው አይቋረጥም፤ ፔሰር (ከፊት እየሮጠ ፍጥነቱን የሚጠብቅላት) ግን ማግኘት ሊያስቸግራት ይችላል። በቡድን ልምምድ ውስጥ ተፎካካሪን ማን ይጎትታል? አሰልጣኙ አብሮ ካልተዋዋለ የልምምድ ቡድኑም ይጠፋል። ይህንንም ውሉ ላይ ማስገባት ይቻላል።

ኮከብ መስጠት ካለብን፦ ማልያ ለብሳ ለማታውቅ፣ ከ20 በላይ ለሆነች፣ እዚያው አገር ለምትኖር ወይም ልትኖር ለቆረጠች ልጅ ከ5 ኮከብ 4። ኢትዮጵያን ወክላ ለሮጠች፣ የተጻፈ ደመወዝና ሕክምና ለተሰጣት፣ 3 ዓመቱን ቆጥራ ለገባች 3። ለቪዛ ብቻ ለምትፈልገው 2፤ ጥሩ ማናጀርና ጥሩ ሰዓት ያንን ይሠራሉ። «በስድስት ወር» ለተባለችው 1፣ እሱም ለማኪያቶው።

ለመጀመሪያ ቀጠሮ የሚሄድ ሰው የፓስፖርቱን ፎቶ ኮፒ ይዞ ይሂድ። ኦርጅናሉ «ለማየት ብቻ» ክላሰሩ ውስጥ ከገባ፣ ሂሳብ ከመጠየቁ በፊት ተመልሶ ኪስ ይግባ።